ማን ሞቶ ነው?

ጋሽ ይገዙ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ቀጨኔ ውስጥ፣ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወርደው ሰፈር ሰው በሞተ ቁጥር፣ ገና ወገግ ሳይል ተነስተው በየቅያሱ የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። ጥሩምባቸውን አንዴ ረዘም አድርገው ይነፉና «እድርተኞች!» ብለው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይናገራሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቅያስ ያልፋሉ። ድምፃቸው ቆርቆሮ ዘልቆ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነበር። በዚያ ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ የአያቱን፣ የአክስቱን ወይም የጎረቤቱን ሞት መጀመሪያ የሰማው ከእሳቸው አፍ ነው።

ለዚህም ይሆናል የሚወዳቸው ሰው ያልነበረው። ይጠሏቸው ነበር ማለት ግን አይደለም። የሰደባቸውም፣ ክፉ የተናገራቸውም የለም። ብቻ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ እሳቸውን ማየት የሚፈልግ አልነበረም። ሠርግ የሚደግስ ቤት እሳቸውን መጥራት ሳያስበው ይቀራል። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ደጃፍ ላይ ለአፍታ ቆም ካሉ ደግሞ «ምን ፈልገው ነው ጋሽ ይገዙ?» ይባላሉ፣ ቶሎ እንዲያልፉ። እሳቸውም የገባቸው ይመስላል፤ ሁልጊዜ የመንገዱን ዳር ይዘው፣ ግንቡን ታክከው ነበር የሚሄዱት።

ሠርካዲስ የምትኖረው እዚያው ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። የግቢዋን አጥር በከፊል አፍርሳ ባሠራቻት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች። ባሏ ያዕቆብ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ሮሐን ያሳደገችው በዚያች የስፌት መኪና ነው። ሮሐ አሁን አድጋ መገናኛ አካባቢ ኮል ሴንተር ትሠራለች። ሠርካዲስ ጾም አታስታጉልም። ወር በገባ በሃያ ሰባት፣ በመድኃኔዓለም ቀን፣ ዳቦ ጋግራ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለተቀመጡት ነዳያን ታድላለች። የአብዛኞቹን ስም ሳይቀር ታውቃለች።

ጋሽ ይገዙን ግን ቀና ብላ አይታቸው አታውቅም ነበር። ያዕቆብ የሞተ ዕለት፣ ባሏ እጇ ላይ ነፍሱ ወጥታ እንኳ አላመነችም ነበር። ያመነችው ያ ድምፅ በር ላይ የባሏን ስም ከነአባቱ ሲጠራ ስትሰማ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይገዙ በሱቋ ፊት ሲያልፉ አንገቷን መኪናዋ ላይ ደፋ ታደርጋለች። እስኪያልፉ ድረስ ፔዳሉን ትረግጣለች።

በኋላ እድሩ ዘመነ። ሊቀመንበሩ አቶ ቤዛብሕ የቴሌግራም ግሩፕ አስከፈቱና የሞት ዜና ከሻማ ሥዕል ጋር በስልክ መምጣት ጀመረ። ጋሽ ይገዙን በጠቅላላ ጉባኤው ፊት አስቁመው አመሰገኗቸው፤ ጋቢ አለበሷቸው፤ ተጨበጨበ። «ከእንግዲህ ይረፉ» ተባሉ። እሳቸውም እጅ ነስተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ይገዙን አየሁ የሚል ሰው እየጠፋ ሄደ፤ መጥፋታቸውንም ልብ ያለ አልነበረም።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ካፖርታቸውን በክንዳቸው ይዘው ሱቅ መጡ።

«ገበሩ ተተልትሏል። ክረምቱ ሳይገባ ብትይዥልኝ» አሉ፣ ከደጃፉ ሳያልፉ።

«ያስቀምጡት፣ እሰፋልዎታለሁ» አለች ሠርካዲስ።

ሰፋችው፤ ኮርኒሱ ሥር ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ የዩኒፎርም ወቅት መጣ። ነሐሴና ጳጉሜ እንዴት እንዳለፉ አታውቅም፤ ሱቁ በሰማያዊና በቡናማ ጨርቅ ተሞላ፣ በላዩ ላይ ሌላ ልብስ ተደረበ። መስቀል አልፎ ፋታ ስታገኝ ሱቋን ልታጸዳ ተነሳች። የተደራረበውን ስታወርድ ከሥር ካፖርቱ ብቅ አለ።

«አይ እኚህ ሰውዬ፣ ረስተውት!» አለች። ወዲያው ግን እጇ ቆመ። ክረምቱን እንዴት አለፉት? ከእንጦጦ የሚወርደው ያ ዝናብና ብርድ፣ ያለ ካፖርት?

ማታ ሮሐን ጠየቀቻት። «እኔ እንጃ እማ፤ አሉ እንዴ?» አለች ሮሐ። በማግስቱ ሱቅ የመጡትን ጎረቤቶች ጠየቀች። አንዷ አላየሁም አለች። ሌላዋ ገጠር ሳይገቡ አይቀርም አለች። ሦስተኛዋ «ሞተው ቢሆንማ እንሰማ ነበር» ብላ ሳቀች። ሠርካዲስ አልሳቀችም። ከማን ነው የምንሰማው? አለች በልቧ። የሰውን ሁሉ ሞት ይለፍፉ የነበሩት እሳቸው አይደሉም እንዴ?

ካፖርቱን አጥፋ በፌስታል ያዘችና ወረደች። መንገዱ ከእሷ ቤት በታች እየጠበበ ሄዶ ወንዙ አፋፍ ላይ የቀበሌ ቤቶች ጋ ያበቃል። የጋሽ ይገዙ የመጨረሻዋ ናት። የቆርቆሮ በሩ አንዱ ማጠፊያ ተነቅሎ መሬት ላይ ተደግፏል። አንኳኳች። መልስ የለም። ደግማ አንኳኳች።

«ማን ሞቶ ነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

የእሳቸው ድምፅ መሆኑን ለመለየት ጊዜ ወሰደባት። ያ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅስ የነበረው ድምፅ ሰልሎ የልጅ መስሏል።

«ኧረ ማንም አልሞተም ጋሽ ይገዙ! ሠርካዲስ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

የቁጣ አልነበረም። የምራቸውን ነው የጠየቁት። ያን ሁሉ ዘመን በራቸውን ያንኳኳ ሰው ሁሉ ከሟች ቤት የመጣ ነበርና ሌላ ምክንያት አልታያቸውም። ሠርካዲስ ካፖርትዎን ላቀብልዎት ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እርስዎን ልጠይቅ ነዋ» አለች።

ቆየት ብለው «ግቢ እንግዲህ» አሉ።

በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። መጀመሪያ የተቀበላት ሽታው ነው። ሠርካዲስ ባሏን ያስታመመች ሴት ናት፤ የቁስል ሽታ ታውቃለች። ጋሽ ይገዙ አልጋው ላይ ተጋድመዋል፤ እድሩ ያለበሳቸውን ጋቢ ለብሰዋል፤ ቀኝ እግራቸው በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሏል። ፂማቸው አድጓል፤ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። አልጋው አጠገብ ባዶ ጀሪካንና የደረቀ ዳቦ አለ።

«ምስማር ወጋኝ። ይድናል፣ ቀላል ነው» አሉ።

«መቼ ነው የወጋዎት?»

«ክረምቱ ሲገባ።»

ማን እንደሚያያቸው ጠየቀቻቸው። ወደ ወንዙ የሚወርድ መንገደኛ ሲያልፍ እየተጣሩ ዳቦ እንደሚያስገዙ፣ ውሃ እንደሚያስቀዱ ነገሯት። ሰዎቹም ክፉዎች አልነበሩም፤ ያሏቸውን ሁሉ አድርገዋል። ግን በሩ ላይ አቀብለው ይሄዳሉ እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ ያየ አልነበረም።

ሠርካዲስ ተመልሳ ወደ ቤቷ ወጣች። ውሃ በጨው አፈላች፤ ንጹሕ ጨርቅ ቀደደች፤ የተረፈ ሽሮ አሞቀችና በሳህን ይዛ ወረደች። ጋሽ ይገዙ ሳህኑን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«መልሺው።»

«ምን ሆነው?»

«እኔ የእድር ሠራተኛ ነበርኩ እንጂ ለማኝ አይደለሁም።»

ሠርካዲስ ያን ዳገት ወጥታ ትኩስ ውሃ ይዛ ወርዳለች፤ ደክሟታል። ተናደደች።

«ለማኝ ቢሆኑማ ጥሩ ነበር!» አለች። «መድኃኔዓለም ደጃፍ ተቀምጠው አይዎት ነበር፣ ዳቦም እሰጥዎት ነበር። እዚህ ተሸሽገው ማን ያግኝዎት? በሉ ይነሱና ይብሉ!»

ጋሽ ይገዙ ዘወር ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱና በሉ። ሠርካዲስ እግራቸውን ስታጥብ የተናገረችው ነገር በጆሮዋ ያቃጭልባት ጀመር። ለሚለምን ሰው ዳቦ አላት፤ ስሙንም ታውቃለች። ላልለመነው ሰው ግን ዓይን እንኳ አልነበራትም። ጨርቁን ጨምቃ፣ ቁስሉን አየችና እዚህ ቤት ውስጥ የሚድን ነገር እንዳልሆነ ተረዳች። የእግራቸው ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል።

በማግስቱ ጎረቤቷን ቶለሳን ጠራችው። ቶለሳ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ጴንጤ ነው፤ እሑድ እሑድ ከነቤተሰቡ ቸርች ይሄዳል። መኪና ወደዚያ ቅያስ ስለማይገባ ጋሽ ይገዙን አዝሎ እስከ ዋናው መንገድ ማውጣት ነበረበት። «ለምን እኔ?» አላለም። ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አጥሮት «ጌታ ሆይ ጉልበት ስጠኝ» አለ ጮክ ብሎ።

«መድኃኔዓለም በል» አሉ ጋሽ ይገዙ ከጀርባው ላይ።

«እሱኑ እኮ ነው የምጠራው ጋሼ!» አለ ቶለሳ። ከኋላ ፌስታል ይዛ የምትከተለው ሠርካዲስ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካቸው። ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው እዚያ ነው፤ ማንም፣ እሳቸውም ጭምር፣ አያውቅም ነበር። ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሠርካዲስን ወደ ጎን ጠርታ «አባትሽን ትንሽ ብታቆዪአቸው ኖሮ እግራቸው ከጉልበት በታች ይሄድ ነበር» አለቻት። ሠርካዲስ አባቴ አይደሉም ልትል ፈልጋ ነበር። ነገሩን ማስረዳት ረጅም ሆነባትና «እሺ» ብቻ አለች።

ከሆስፒታል ሲወጡ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጋሽ ይገዙ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን መወጋት አለባቸው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ፍሪጅ ይፈልጋል። ፍሪጅ ያለው ሠርካዲስ ቤት ነው። የሠርካዲስ ዓይን በቅርቡ ደክሟል፤ መርፌ ክር ማስገባትም በመነጽር ሆኗል፤ የስሪንጁን ጭረት ማየት አልቻለችም። የቀረችው ሮሐ ናት።

«እማ፣ እውነት?» አለች ሮሐ። «ገና ከሥራ ሳልገባ፣ እዚያ ጨለማ ቤት ወርጄ ሽማግሌ ልውጋ? ዘመድ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«እድሩስ?»

«እድሩ የሚያውቀው የሞተ ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን አንቺ ላይ ወደቀ? ሰፈሩ ሙሉ ሰው ነው እኮ!»

«ያየኋቸው እኔ ነኛ» አለች ሠርካዲስ። «ካየሁ በኋላ እንዴት ልተው?»

ሮሐ በሩን ዘግታ ክፍሏ ገባች። በማግስቱ ጠዋት ግን ሥራ ከመሄዷ በፊት ስሪንጁን በስልኳ መብራት እያየች ቀድታ ወረደች። ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ነበር። «እጃቸው አጥንት ብቻ ነው እማ» አለች። ማታም ሳትጠየቅ ሄደች።

ኅዳር እንደገባ ሠርካዲስ በጣም ደከማት። ስፌቱ አለ፤ ምግቡ አለ፤ ቁስሉን ማጠብ አለ፤ ጋሽ ይገዙም ቀላል ታማሚ አልነበሩም። ወጡ ጨው የለውም ይላሉ፤ ፋሻውን አጥብቀሽዋል ይላሉ፤ ስትዘገይ ይቆጣሉ። አንዳንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጣ ሳትናገር ትወጣለች። እሑድ ጠዋት ቁስሉን ማጠብ ስላለባት ቅዳሴ እየቀረባት መጣ፤ ይህ ከሁሉም በላይ ከነከናት። የነፍስ አባቷን መንገድ ላይ ስታገኛቸው መስቀላቸውን ተሳልማ ነገረቻቸው።

«ቅዳሴ እየቀረብኝ ነው አባ።»

«ምን አግኝቶሽ?»

«ጋሽ ይገዙ ታመው። እግራቸውን የሚያጥብ የለም።»

ቄሱ ትንሽ አሰቡ። «የትኛው ይገዙ? ጥሩምባ ነፊው?» አሉ። «ለስንቱ ሟች ፍትሐት ሳደርስ፣ ሕዝቡን ጠርተው ያመጡልኝ እሳቸው ነበሩ። ቤታቸው የት ነው ብዬ አላውቅም።» ከዚያ እጇ ላይ ያለውን የውሃ ቴርሞስ አዩና «ቅዳሴው ሲመችሽ ትመጫለሽ። አሁን ሂጂ፣ ውሃሽ ይቀዘቅዛል» አሏት። ከሰዓት በኋላ ጸበል ይዘው ራሳቸው ወረዱ።

ያ ጉብኝት ሠርካዲስን አንድ ነገር አሳሰባት። አንድ ሰው ቢጨመር ይህን ያህል የሚቀል ከሆነ፣ ብዙ ሰው ቢጨመርስ? የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ሲደርስ ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች። ሰው ፊት መናገር አትወድም፤ እንኳን ስብሰባ ላይ፣ ማኅበር ላይም ድምፅዋ አይሰማም። «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ሲባል ግን እጇን አወጣች።

ስለ ጋሽ ይገዙ ነገረቻቸው። አቶ ቤዛብሕ በትሕትና አዳመጧትና፣ «ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን እድሩ የሚረዳው ሐዘንተኛን ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ በሽተኛ የሚል የለም» አሉ።

«ገንዘብ አልጠየቅሁም» አለች ሠርካዲስ። «ሰው ነው የምጠይቀው። በየተራ እየሄደ አጠገባቸው የሚቀመጥ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ እንዴት አደሩ የሚል።»

ቶማስ የሚባል፣ ከላይኛው ቅያስ የብረት በር የሚሠራ ጎልማሳ ተነሣ። «እውነቱን ልናገር» አለ። «እኔ እሳቸውን ባየሁ ቁጥር እናቴ ናት ትዝ የምትለኝ። ስሟን በራችን ላይ ሲጠሩ ይሰማኛል። እ... ማለቴ፣ ክፋት አይደለም። ፊታቸው ተቀምጬ ምን እላለሁ?»

«እኔም ያዕቆብ ነው ትዝ የሚለኝ» አለች ሠርካዲስ። «ትዝ ይለኝና እቀመጣለሁ። ጋሽ ይገዙ የሞቱብንን ነገሩን እንጂ የገደሉብን እሳቸው አይደሉም። ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው ሳይሉ ለሁላችንም ሰው ሲጠሩ ኖሩ። ለእሳቸው ሰው የሚጠራ ስለሌለ እኔ ጠራሁ። በቃ፣ ይኼው ነው።»

ብላ ተቀመጠች። አቶ ቤዛብሕ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠራረጉ፤ መልሰው አደረጉ። «እኔ ጋቢውን ስናለብሳቸው የጨረስን መስሎኝ ነበር» አሉ፣ ለስብሰባው ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

በማግስቱ መጀመሪያ የመጡት እሳቸው ናቸው፤ ብርቱካን ይዘው። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። አንዷ ማር፣ አንዷ ለስላሳ፣ አንዱ ብስኩት። ሠርካዲስ ሁሉንም በር ላይ እየተቀበለች «ስኳር አለባቸው እኮ!» ማለት ሥራዋ ሆነ። ጋሽ ይገዙ ከውስጥ ሆነው «ማሩን እንኳ ተይልኝ!» ይላሉ። አንዳንዱ ጎብኚ ይፈራል፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት ወለሉን ያያል። ጋሽ ይገዙም እንግዳ ለምደው አያውቁምና እሳቸውም ያፍራሉ። በመጨረሻ ጎብኚው «በሉ እንግዲህ እግዜር ይማርዎት» ብሎ ይወጣል። ግን መጡ። ቶማስም መጣ። ሲገባ በሩ መሬቱን ሲፍቅ ሰምቶ ነበርና ተመልሶ ሄዶ መሣሪያውን ይዞ መጣ፤ በሩን ነቅሎ አዲስ ማጠፊያ በየደለት። ሲጨርስ ጋሽ ይገዙ በእጃቸው ጠሩትና አጠገባቸው አስቀመጡት። ስለ እናቱ ነው ያወሩት፤ እሱ ራሱ ነው ያነሣው፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

የሠርካዲስ ተራ አሁን በየሁለት ቀኑ ሆነ፤ ትንፋሽ አገኘች። ጥር ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ፋሻውን ስትቀይር ጋሽ ይገዙ ድንገት «ባልሽ ደግ ሰው ነበር ሠርኬ» አሏት። ሠርኬ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነበር።

«ያውቁት ነበር እንዴ?»

«ጠዋት ሥራ ሲሄድ እንገናኝ ነበር። እኔ ጥሩምባዬን ይዤ ስመለስ፣ እሱ ወደ ላይ ሲወጣ። ሌላው ሰው ማን ሞተ ይለኛል፤ ወይ ፊቱን ያዞራል። ያዕቆብ ቆሞ፣ ቆቡን አንሥቶ፣ ጋሽ ይገዙ እንደምን አደሩ ይለኛል። ብርዱ እንዴት ነው ይለኛል። እሱ የሞተ ዕለት ደጃፍሽ ላይ እንደምንም ጠራሁ። እታች ቅያስ ስደርስ ግን ስሙ አልወጣ አለኝ። ጥሩምባውን ነፍቼ ቆምኩ። ሰዉ ሰውዬው ደከመው አለ። እኔ አልደከመኝም ነበር።»

ሠርካዲስ እጇ ፋሻው ላይ ቆመ። ያን ድምፅ እስከዚያ ቀን ድረስ ድንጋይ አድርጋ ነበር የምታስበው። ባሏ ጠዋት ጠዋት ቆሞ ሰው ሰላም እንደሚልም አታውቅም ነበር፤ ነግሯት አያውቅም፤ ለእሱ የሚነገር ነገር ስላልነበረ ይሆናል። ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ ስለ ባሏ አዲስ ነገር ሰማች። አላለቀሰችም። ፋሻውን ጨርሳ ቋጠረችና «ጠበቀዎት?» አለች።

«ደህና ነው» አሉ ጋሽ ይገዙ።

ቁስሉ የተዘጋው ከፋሲካ በኋላ ነው። ጋሽ ይገዙ ከዘራ ይዘው መሄድ ጀመሩ፤ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ሠርካዲስ ሱቅ። ጠዋት ኢንሱሊኑን ሮሐ እዚያው ሱቅ ትወጋቸዋለች። ሻይ ውስጥ ስኳር ሲጨምሩ ከያዘቻቸው ትጮህባቸዋለች፤ እሳቸውም «ይቺ ልጅ ከሐኪሟ ትብሳለች» ይላሉ፤ እሷ ሳትኖር ግን ስለ እሷ ለመጣው ሁሉ ያወራሉ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ቶለሳ እሑድ ከቸርች መልስ መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አቆመና «ጋሼ፣ ዛሬ የት ልውሰድዎት? የፈለጉት ቦታ» አላቸው። ጋሽ ይገዙ አሰቡ። ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ጥግ፣ በልጅነታቸው እንጨት ይለቅሙበት የነበረውን አካባቢ ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ዛሬ እዚያ የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነው። ሠርካዲስ ሱቋን ዘጋች፤ ሮሐም ፈቃድ ላይ ነበረችና አብረው ሄዱ።

እዚያ ሲደርሱ ጋሽ ይገዙን መንገዱ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ፂማቸው ተላጭቷል፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመዋል። የእሑድ ሰው ይተላለፋል፤ ልጆች የያዙ ቤተሰቦች፣ ፎቶ የሚነሡ ወጣቶች። ማንም አያውቃቸውም። ሽማግሌ ናቸው፤ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በቃ። የሚያልፈው ሁሉ፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ፣ አንዷ ፈገግ ብላ፣ «እንደምን ዋሉ አባባ?» ይላቸዋል።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ እንደምን ዋልክ» ይላሉ ጋሽ ይገዙ። አንዱንም ሳይመልሱ አላሳለፉም። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ካዩ ራሳቸውን ቀና አድርገው ይጠብቁታል።

ሠርካዲስ ትንሽ ራቅ ብላ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ታያቸው ነበር። ሮሐ ስልኳን አየት አደረገችና «እማ፣ የመርፌያቸው ሰዓት እየደረሰ ነው» አለቻት።

«ትንሽ ቆዪ፣ አትቸኩዪ» አለች ሠርካዲስ። ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ አስነሥተዋቸው፣ ሮሐ በአንድ ክንዳቸው፣ ቶለሳ በሌላው ይዘዋቸው ወደ መኪናው ሄዱ።